የጎረቤቴ ሦስት ተክሎች አደራ

ባለቤቱ በሌለበት የሰው ቤት መግባት እፈራለሁ። የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ፍርሃት ስለሚነሣ መጀመሪያ እሱን ልንገራችሁ።

ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ አዲስ አበባ ሰው ቤት የተቀጠርኩት በልጅነቴ ነው። አንድ ቀን የእመቤቴ የወርቅ ጉትቻ ጠፋ። ቤት የዋልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ልብሴ ግቢ ውስጥ አንድ በአንድ እየተራገፈ ተፈተሸ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያያል። ጉትቻው በአምስተኛው ቀን ከፍራሽ ሥር ተገኘ። «ተገኘ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚያ ወዲህ ሰው የቤቱን ቁልፍ ሲሰጠኝ እጄን ያልበኛል።

አሁን የምኖረው ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ፣ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በአንዱ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከልጄ ከሊዲያ ጋር ነው። ሊዲያ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በአማርኛ ስጠይቃት በጀርመንኛ ትመልሳለች፤ እኔም ለምጄዋለሁ። ሥራዬ አየር ማረፊያ ነው። መንገደኛው ከአውሮፕላኑ ወርዶ ሌላው እስኪገባ ባለችው ጥቂት ደቂቃ ውስጡን እናጸዳለን። እዚያ ለመግባት አንገቴ ላይ የማንጠለጥለው መታወቂያ፣ አውስቫይስ የምንለው፣ ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ እኔና ልጄ የምንበላው የለም። መታወቂያው በየጊዜው ይታደሳል። ሲታደስ ደግሞ የሰውየውን ጠባይና ከሕግ ጋር ያለውን ነገር ያጣራሉ።

ይህ የሆነው የእኔ መታወቂያ ሊታደስ ቀጠሮ በተያዘበት ወር ነው።

ከእኔ በር ፊት ለፊት ፍራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ቬበር የሚባሉ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ይኖራሉ። ብቻቸውን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። ቆሻሻ ስንጥል ወረቀቱን ከፕላስቲክ ስደባልቅ አይተው መጀመሪያ የተቆጡኝ እሳቸው ናቸው። ከመሥሪያ ቤት የሚመጣልኝን ደብዳቤ ቁጭ ብለው የሚያነቡልኝም እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ የገዙትን ዕቃ ወደ ላይ እሸከምላቸዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረናል።

በበጋው መጀመሪያ ላይ የዳሌ አጥንታቸውን ለመታከም ሆስፒታል ሊገቡ ሆነ። ቁልፋቸውን ይዘው በሬን አንኳኩ።

«ፍራው ዘውድነሽ፣ ወጥ ቤቴ መስኮት ላይ ሦስት ተክል አለ። ለሕመሜ ነው። በሳምንት ሁለቴ ውሃ ያጠጡልኛል?»

«ያ፣ ያ» አልኩ፤ አዎ፣ አዎ ማለት ነው።

«ለሕንፃው ሰው ሁሉ ባይነገር ደስ ይለኛል። ሌላውን ጽፌ እተውልዎታለሁ።»

«ያ፣ ያ።»

ልንገራችሁ፤ ጀርመንኛ ሲረዝምብኝ ራሴን እየነቀነቅሁ «ያ» ማለት ልማዴ ነበር። የሕመምተኛ ነገር ስለሆነ ሰው እንዲያውቅባቸው አልፈለጉም ብዬ አሰብኩ። ቁልፉን በሁለት ጣቴ ይዤ ቀረሁ።

በሳምንት ሁለቴ ያን ቤት ብቻዬን መክፈት! አንድ ነገር ቢጠፋስ? ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና በማግስቱ የብልህ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። ሊዲያን በራቸው ላይ አቆምኳት።

«እጄን እያየሽ ቁሚ» አልኳት።

ስልኳን እየነካካች፣ «ለምን?» አለችኝ።

«ምስክር ሁኚኝ ብዬ ነዋ!»

ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ገባሁ፤ ግራ ቀኝ አላልኩም። ሦስቱን ማሰሮዎች በሦስት ምልልስ አውጥቼ ቤቱን ቆለፍኩ፤ ወደ ራሴ በረንዳ ወስጄም ከጤና አዳሜና ከበሶብላዬ አጠገብ ደረደርኳቸው። ከዚህ በኋላ ቁልፉን መንካት የለ፣ የሰው ቤት መግባት የለ። እንዴት ቀለለኝ!

ተክሎቹ ፀሐይ ሲያገኙ ለማደግ ጊዜ አልፈጁም። ቅጠላቸው እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ፣ ጠርዙ መጋዝ የመሰለ፣ ሽታቸው ጠንከር ያለ ነው። ምን እንደሆኑ አላውቅም፤ ግን መድኃኒት መሆናቸውን ከባለቤታቸው አፍ ሰምቻለሁ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጓደኛዬ ወይንሸት መጣች። ወይንሸት ፕሮይንገስሃይም ትኖራለች፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት ስታነሣና ስታስተኛ ጉልበቷ አልቋል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ቅጠሉን አሽታ።

«የጎረቤቴ ነው። ለአጥንት ሕመም።»

«ለአጥንት! ታዲያ ለእኔ ሳትነግሪኝ?»

የእኛን ወግ ታውቁታላችሁ። ጎረቤት ጤና አዳም ቁረጪልኝ ብሎ በር ላይ ቆሞ የሚከለክል ሰው አለ? ተክል ሲሰጡት ይበዛል እንጂ አያልቅም እየተባልን ነው ያደግነው። ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። «አፈር ውስጥ ሰክተሽ አጠጪው» ብዬ አሰናበትኳት።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ጌትነት ናቸው። ጋሽ ጌትነት በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ነገር ሲጠፋን ሁላችንም የምንጠይቀው እሳቸውን ነው።

«ዘውድነሽ፣ ወይንሸት ቤት ነኝ። መስኮቷ ላይ ያለውን ቅርንጫፍ አንቺ ነሽ የሰጠሻት?»

«አዎ ጋሽዬ። ለእርስዎም ልቁረጥልዎት?»

ሳቃቸው ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ። ከኋላ የወይንሸት ለቅሶ ይሰማኛል።

«አንቺ ሴት፣ ሐሺሽ እኮ ነው! ካናቢስ! ቅዳሜ ጠዋት ልትሸጪልኝ ነው?»

ስልኩን ዘጋሁት። ትዝ ያለኝ የመታወቂያው ቀጠሮ ሰኞ ከቀትር በኋላ መሆኑ ነው።

ትልቁን የቆሻሻ ከረጢት ይዤ በረንዳ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ማሰሮ አነሣሁ። ከዚያ እጄ ቆመ። የሰው አደራ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤዬን ላነበቡልኝ ሴት፣ ታመው ተኝተው እያሉ መድኃኒታቸውን ጣልኩት ልበላቸው? መልሼ አስቀመጥኩት። ልጅ ያለበት ቤት፣ የመታወቂያ ማጣራት… መልሼ አነሣሁት።

ሊዲያ ወጥታ፣ «ማማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለች በጀርመንኛ።

«ይሄ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካመጣሽበት ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝም!»

ትከሻዋን ሰበቀች። «አንቺ የምታጨሺው መስሎኝ ነበር። ሕጋዊ ነው፤ ያንቺ ጉዳይ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

በልጄ ፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሐሺሽ አጫሽ ሆኜ ኖሬያለሁ! ማዘኔንም መሳቄንም አላውቅም። ግን አንድ ቃል ያዝኩ።

«ሕጋዊ ነው ነው ያልሽው?»

ስልኳን አውጥታ አነበበችልኝ። ጀርመን ውስጥ አሁን አዋቂ ሰው ለራሱ እስከ ሦስት ተክል በቤቱ መትከል ይችላል። ልቤ መለስ አለ።

«እስቲ ቀጥዪ» አልኳት።

ቀጠለች። ልጆች ሊደርሱበት አይገባም። ለሌላ ሰው መስጠት አይፈቀድም።

«ቢሸጡ ነዋ?»

«በነጻም ቢሆን።»

«ስጦታም?»

«ስጦታም፣ ማማ።»

ቁጭ አልኩ። ምን ዓይነት ሕግ ነው አልኩ። መትከል ይቻላል፣ ለጎረቤት መቁረጥ ወንጀል ነው። ፍርሃቴ እንዳለ ሆኖ፣ እውነቴን ነው፣ ነገሩ ያስገርመኝ ጀመር። ሕግን እንደ ግድግዳ አድርጌ ነበር የማስበው፤ ወይ ከዚህ ወይ ከዚያ ነህ። ይሄ ግን በር፣ መስኮትና ደረጃ ያለው ነገር ሆነብኝ።

እያወራን ደወል ተደወለ። ጋሽ ጌትነትና ወይንሸት ናቸው። ወይንሸት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች፤ ከነጠላው ሥር የዳቦ ከረጢት አቅፋለች። ሽታው ከእሷ ቀድሞ ገባ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አልኳት።

«የሰጠሽኝን ነዋ! የራስሽን ኃጢአት መለስኩልሽ።»

«በኡባን፣ በከተማው ባቡር ይዘሽው መጣሽ?»

ጋሽ ጌትነት እንባቸውን እየጠረጉ ይስቃሉ። «አትያዥው ብያት ነበር። ባቡሩ ውስጥ ከሽታው ሸሽቶ ወንበር ያልለቀቀላት ሽማግሌ የለም። አንድ ጎረምሳማ ከየት እንደገዛችው ጠየቃት።»

«ተዉኝ ጋሽዬ፤ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ነው የደረስኩት» አለች ወይንሸት።

ውሃ ከጠጣን በኋላ ጋሽ ጌትነትን ያዝኳቸው።

«ጋሽዬ፣ ተፈቅዷል ወይስ አልተፈቀደም? አንዱን ይንገሩኝ።»

«ሁለቱም ነው። ይኸውልሽ፣ ይህቺ ከተማችን ለሙከራ ያህል በሱቅ ይሸጥ ብላ ጠይቃ ነበር አሉ፤ ከላይ ያለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት አይሆንም አላት። ፌዴራሉም ቢሆን መትከል ሲፈቅድ እንደልቡ አይደለም፤ ከእሱ በላይ የአውሮፓ ሕግ አለ፤ ከዚያ በላይ አገሮች የፈረሙት ውል አለ።»

«እንደኛ ሕንፃ ነዋ» አልኩ። «እኔ አምስተኛ ፎቅ ላይ ልጨፍር ብል ስድስተኛው ወለል ይቆጣል።»

«አራተኛው ነው የሚቆጣው፣ ከሥር ያለው» አለች ሊዲያ። ለካስ አማርኛውን ሁሉ ትሰማለች።

«እና የእኔ አየር ማረፊያ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጋሽ ጌትነት ሳቃቸውን ተዉ። «እሱን አላውቅም፣ ልጄ» አሉ። እሳቸው አላውቅም ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ዝም ብትይ ማን ያያል? ጥለሽው ዝም በይ።»

ወይንሸትም «ጣይው!» አለች።

ሊዲያ ግን «ባለቤቷን ጠይቂ» አለች። «የእሷ ነው።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፍራው ቬበር የሚያገግሙበት ቦታ ሄድኩ። ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ በባቡርም በአውቶቡስም ተጉዣለሁ። በመንገዱ ሁሉ የምናገረውን ጀርመንኛ በከንፈሬ እደጋግም ነበር። የአትክልት ቦታ ውስጥ በምርኩዝ ሲለማመዱ አገኘኋቸው። አግዳሚ ላይ ተቀመጥንና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በረንዳውን፣ ቅርንጫፉን፣ ወይንሸትን፣ የሰኞውን ቀጠሮ።

ፊታቸው ነጣ።

«ከቤቴ አወጧቸው? ልጅ ወዳለችበት ቤት? ግን እኮ ወረቀቱ ላይ ጽፌልዎት ነበር!»

«የቱ ወረቀት?»

«ወጥ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ! ቤቱ ገብተው አላዩትም?»

«አላየሁም። ዓይኔን አላነሣሁም።»

«ለምን?»

ለሰው ነግሬው የማላውቀውን የጉትቻውን ነገር ነገርኳቸው። በተሰባበረ ጀርመንኛ፣ ልብሴ ሲራገፍ የነበረውን በእጄ እያሳየሁ። ጨርሼ ቀና ስል ፍራው ቬበር ምርኩዛቸውን እያዩ ነው።

«አሥራ አንድ ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «እኔንም ሌባ ይሉኛል ብለው ይፈሩ ነበር?»

ያ ፍርሃት ሰውን የሚያሳዝን መሆኑን አስቤው አላውቅም ነበር።

«ዛሬውኑ ወደ ቦታቸው ይመልሷቸው» አሉኝ ሲሸኙኝ። «ልጅቱ እንዳትነካቸው፣ እርስዎ ብቻ። ወረቀቱንም ያንብቡ። እኔ በስልክ አልነግርዎትም፤ ራስዎ ያንብቡት።»

ከሰዓት በኋላ በራቸው ፊት ቆምኩ። ሊዲያ ለምስክርነት ልትቆምልኝ ተነሥታ ነበር፤ «አይ፣ ወደ ቤት ግቢ» አልኳት። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሳትኩት። ሦስተኛውን ከፈትኩ።

ቤቱ የተዘጋ ቤት ሽታ አለው። ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ መስኮታቸው ላይ መለስኩ። ከዚያ ዓይኔን አነሣሁ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ። ወረቀቱ እንዳይበር የተጫነው ትንሽ ሰሐን ነው። ሰሐኑ ውስጥ ደግሞ የወርቅ ቀለበት ተቀምጧል።

ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሸሸሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ የዚያ ግቢ ጎረቤቶች ሁሉ ከኋላዬ የቆሙ መሰለኝ። ሮጬ ብወጣ ወረቀቱ እዚያው ይቀራል፤ ለማንበብ ደግሞ ሰሐኑን ማንሣት የግድ ነው።

ተመለስኩ። ሰሐኑን ከነቀለበቱ አንሥቼ ወደ ጎን አደረግሁት። ወንበር ስቤ በሰው ቤት ተቀመጥኩና ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ፍራው ቬበር ለእኔ ብለው በትልልቁ ነው የጻፉት። እያንዳንዷን ቃል እየፈታሁ፣ ያቃተኝን እየዘለልኩ፣ የዘለልኩትን እየተመለስኩ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀብኝ አላውቅም። እንዲህ ይላል፦

«ውድ ፍራው ዘውድነሽ፣ ሰኞና ሐሙስ አንድ አንድ ብርጭቆ። ተክሎቹ ካናቢስ ናቸው፤ ለእኔ የተፈቀዱ ናቸው። ከዚህ ቤት መውጣት የለባቸውም። ልጅ እንዳይደርስባቸው በሩ ይቆለፍ። ለማንም አይስጡ። ይህ ነገር ቢያስጨንቅዎት ያለ ምንም ሐሳብ ይጣሏቸው፤ ከተክል እርስዎ ይበልጡብኛል። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ብስኩት የሊዲያ ነው።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚህ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። የጨነቀኝ ሁሉ መልሱ ከእኔ በር አምስት እርምጃ ላይ ነበረ። እንባዬ እንዳይወርድበት ወረቀቱን ወደ ጎን ሳብኩት።

ሰኞ ጠዋት ከቀጠሮዬ በፊት በነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥበት ቦታ ሄድኩ። መነጽር ያደረገች ወጣት ጠበቃ አገኘችኝ። ሁሉንም ስነግራት ከንፈሯን እየነከሰች ሳቋን ትይዛለች።

«ተክሎቹ አሁን የት ናቸው?»

«ባለቤታቸው ቤት፣ ተቆልፎባቸው።»

«ቅርንጫፎቹስ?»

«እኔ ጋ።»

«ይጣሉ፤ አይደገምም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እውነቱን ለመናገር ስለ ቅርንጫፍ እኛ ጠበቆቹም እንከራከራለን» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ጠበቃ ያልጨረሰውን እኔ ባላውቅ ምን ይፈረድብኛል?

«የአየር ማረፊያውስ?» አልኳት።

«እሱ ሌላ ሕግ ነው። ቤትዎ የተፈቀደልዎት ሁሉ እዚያ ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ እነሱ የሚያዩት እርስዎን ማመን መቻላቸውን ነው። የተጠየቁትን ብቻ በእውነት ይመልሱ። ካልገባዎት ግን አይፈርሙ። እና ከዛሬ ጀምሮ ውሃውን ሌላ ሰው ቢያጠጣው ይሻላል፤ መታወቂያ የማይነጠቅ ሰው።»

ቤት ደርሼ ቅርንጫፎቹን ጣልኩ። ከቀትር በኋላ በቀጠሮዬ የመታወቂያውን ቅጽ የሰጠኝ ሰውዬ የሚፈረምበትን ቦታ በእስክሪብቶ አሳየኝና «ገባዎት?» አለኝ። አፌ «ያ» ሊል ተከፈተ። ዘጋሁት።

«አልገባኝም» አልኩ። «እያንዳንዱን ላንብበው። ያልገባኝን እጠይቅዎታለሁ።»

ሰዓቱን አየ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ አነበብኩ፤ አራት ቦታ ጠየቅሁት። ስለ ተክል የሚጠይቅ የለም። ክስ ወይም የፖሊስ ምርመራ አለብዎት ወይ ይላል፤ የለብኝም። በራሴ እጅ «የለም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ያን ቀን የፈረምኩትን አውቀዋለሁ።

መታወቂያው እስኪመጣ አራት ሳምንት ጠበቅሁ፤ የፖስታ ሳጥኑን በቀን ሁለት ጊዜ እየከፈትኩ። መጣ። ተክሎቹን እስከዚያ ያጠጡት ጋሽ ጌትነት ናቸው። «እኔ የሚነጠቀኝ መታወቂያ የለኝ» ብለው ሰኞና ሐሙስ ይመጣሉ፤ በሩን የምከፍትላቸው እኔ ነኝ። ወይንሸት እስካሁን የሰጠኋትን ነገር ሁሉ፣ ጎመንም ቢሆን፣ አሽታ ነው የምትቀበለኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ በሰው አገር ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ የምትኖሩ እናቶች፣ ተክሉን ውደዱ ወይም ጥሉ ለማለት አይደለም የጻፍኩት። እኔ ለልጄ አሁንም አልወድላትም፤ ነግሬያታለሁም። ግን ጥንቃቄ መስሎኝ ዓይኔን ስከድን ከጥንቃቄው ይልቅ ፍርሃቱ ሲመራኝ ኖሯል። ሕጉ ፎቁ ብዙ ነው፤ የቱ ላይ እንደቆሙ ለማወቅ «አልገባኝም» ማለት ያስፈልጋል። አሁን ማክሰኞና ዓርብ ማታ ለአዋቂዎች በሚሰጠው ትምህርት ጀርመንኛ ማንበብ እማራለሁ። ከክፍሉ ትልቋ እኔ ነኝ፤ ብዙ የምትጠይቀውም እኔው ነኝ።

ፍራው ቬበር በምርኩዝ ተመልሰው የመጡ ዕለት ሻንጣቸውን ተሸክሜ አስገባኋቸው። ወጥ ቤት ገብተው ሰሐኑን አዩትና ቀለበቱን ጣታቸው ላይ አደረጉት።

«ረስቼው ነበር የሄድኩት» አሉ። «ሆስፒታል ገብቼ ነው ትዝ ያለኝ።»

«አላሳሰበዎትም?»

«ለምን ያሳስበኛል? ቁልፉ እርስዎ ጋ ነበር እኮ» አሉኝ፤ ቁልፉን ልመልስላቸው ስዘረጋም እጄን መልሰው ዘጉት።